የአክስቴ 500 ብር ወዴት ሄደ?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አክስቴን ይዣት ባንክ ሄድኩ። ከሮብ ገበያ ሌሊት ተነስታ ድንቿን አስጭና ደብረ ማርቆስ ገብታለች፤ ገበያው ቀንቷት ረፋድ ላይ ሸጣ ጨርሳለች። "አንች ልጅ፣" አለችኝ፣ "ያችን ባንክ ያለችኝን ገንዘብ አውጭልኝማ። የዛሬዋን ጨምሬባት ጠቦት ብገዛባት ይሻለኛል።" የቁጠባ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ይዛዋለች። ከአምስት ዓመት በፊት የተሰጣት ደብተር ነው፤ ገጾቹ ገና አዲስ ናቸው።

ደብተሩ ላይ መጨረሻ የተጻፈው ቁጥር 500 ብር ይላል። ቴለሯ ኮምፒውተሩን አየት አደረገችና "376 ብር ከሳንቲም ነው ያለው" አለች። አክስቴ እኔን አየችኝ። እኔ ቴለሯን አየኋት። ቴለሯ ከኋላችን ያለውን ሰልፍ አየችው።

"ተሰርቆ ነው?" አለችኝ አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ቴለሯ እንዳትሰማና እንዳታዝን ነው።

አልተሰረቀም። ስቴትመንት አስወጣሁ (ስቴትመንት ለማስወጣትም ክፍያ አለው፤ እሱን እኔው ከፈልኩ)፣ ከባንኩ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን መስመር በመስመር አየነው። በየወሩ መጨረሻ አንድ 5 ብር አለች፤ የአጭር መልዕክት ክፍያ። ካለፈው ዓመት አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በ5 ብሯ ላይ 75 ሳንቲም ታክስ ተጨምሮባታል። መልዕክቱ የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው። አክስቴ በአማርኛም ቢሆን ፊደል አልቆጠረችም። ይባስ ብሎ መልዕክቱ የሚሄድበት ቁጥር ከሁለት ዓመት በፊት ገበያ ላይ ከነስልኳ የጠፋባት ሲም ነው። እንግዲህ ላልደረሳት፣ ቢደርሳትም ለማታነበው መልዕክት በየወሩ ስትከፍል ኖራለች ማለት ነው።

የባንኩን ስም አልጠራም። አንድ ባንክ ወይም አንድ ቅርንጫፍ ለመክሰስ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ቴለሯም ጥፋት የለባትም፤ እንዲያውም ትዕግስተኛ ልጅ ነች። ያጠፋው ስሌቱ ነው። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ተመርቄያለሁ፣ ስለ ቁጠባና ስለ ኢንቨስትመንት ፈተና ስወድቅ ስነሳ ኖሬያለሁ፤ ይህን ስሌት ግን ክፍል ውስጥ ማንም ሠርቶ አላሳየኝም። እዚያ ድንጋይ ላይ ነው የሠራሁት።

እስኪ አብረን እንሥራው። አክስቴ ሒሳቡን የከፈተችው በ2013 ብር በተቀየረ ጊዜ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 አዲሶቹ ኖቶች ይፋ ሲሆኑ አሮጌውን ለመቀየር ሦስት ወር ተሰጠ፤ ያኔ ገንዘቡን በማድጋና በሳጥን የያዘ የገጠር ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ተመመ። አክስቴም ያላትን 1,500 ብር ይዛ መጣች፣ ቀየረች፣ "እናቴ፣ በዚያው ደብተር ክፈቺ፤ ወለድ ይወልድልሻል" ተባለችና ከፈተች። በዓመቱ፣ መስከረም 2014፣ የልጇን ደብተርና ዩኒፎርም ለመግዛት 1,000 ብር አወጣች። 500 ቀረ። ከዚያ በኋላ አልነካችውም። አደራ ነው ብላ ነው የተወችው።

የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን 7 በመቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010፣ የብር ምንዛሪ 15 በመቶ በወረደ ጊዜ ነው ከ5 ወደ 7 ያሳደገው። የ500 ብር 7 በመቶ 35 ብር ነው። የገቢ ግብር አዋጁ ደግሞ ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ያስቀንሳል፤ 33 ብር ከ25 ሳንቲም ይቀራል። ይህ የአንድ ዓመት ነው። ከዚያ በወር 5 ብር፣ በዓመት 60 ብር ይቆረጣል። 33 ገብቶ 60 ወጣ። በአራት ዓመት 124 ብር ያህል ጠፋ፤ ወለዱ እንኳ ተጨምሮበት።

የሚገርመው ክፍል እዚህ ላይ ነው። በወር 5 ብር ከነታክሱ በዓመት 69 ብር ነው። ይህን ክፍያ በወለድ ብቻ ለመሸፈን ሒሳባችሁ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ወደ 1,040 ብር መቀመጥ አለበት። ከዚያ በታች ያለው ቆጣቢ፣ ቆጣቢ አይደለም። ገንዘቡን ለማስጠበቅ ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው። ከዚያ በላይ ያለው ነው ወለድ የሚያገኘው። ባንኩ ደጃፍ ላይ ሁለቱም እኩል "ውድ ደንበኛችን" ይባላሉ።

መቶኛውንም እንየው። 60 ብር ለአክስቴ 500 ብር 12 በመቶ ነው። 50,000 ብር ላለው ነጋዴ 0.12 በመቶ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ላለው ደግሞ ስሙንም አልጠራው። ክፍያው እኩል ነው፣ ሸክሙ ግን ሺህ እጥፍ ይለያያል። ግብር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ግብር ማንም ፓርላማ ደፍሮ አያጸድቀውም ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀ። "5 ብር ምን አላት? አንድ ማስቲካም አትገዛም" አለኝ። ልክ ነው፣ ለእኔና ለእሱ ምንም አይደለችም። እኛ ማኪያቶ ጠጥተን "እኔ ልላክ፣ አንተ ላክ" እየተባባልን በስልካችን ስንላላክ የምትቆረጠዋን ሳንቲም አይተናት አናውቅም። አክስቴ ግን በዚያን ዕለት ድንቿን በኪሎ 25 ብር ነው የሸጠችው። 124 ብር ማለት አምስት ኪሎ ድንች ነው። አምስት ኪሎ ድንች ደግሞ ከጮቄ ሥር በዚያ ውርጭ ተቆፍሮ፣ ተለቅሞ፣ በአህያ ወጥቶ፣ በመኪና ተጭኖ ማርቆስ የደረሰ ነው። እስኪ ቆማችሁ ለቅሙት።

የዋጋ ንረቱን ገና አልነካሁትም። አክስቴ 500 ብሯን ትታ በሄደችበት በ2014 የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 7 በመቶ ወለድ ከዚያ አጠገብ ሲቆም ሳቅ ነው። ግን ግሽበቱን ባንክ ቤቱ አላመጣውም፤ እሱን ለሌላ ቀን ልተወው። የኔ ጥያቄ ከግሽበቱ የተረፈችውን ሽርፍራፊ ማን ይብላት ነው።

ይህን በምልበት ጊዜ የባንኮቹን ወገን አላውቅም ማለት አይደለም። ጄኔሬተር ነዳጅ ይጠጣል፣ ጥበቃ ደመወዝ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ማርቆስ ጥሬ ገንዘብ ማምጣት በዓባይ በረሃ በኩል ማቋረጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የመንገዱ ሰው ያውቀዋል። የባንክ ሶፍትዌር ፈቃድ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አልፏል። ሌላም አለ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ግሽበቱን ለማብረድ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ በኋላ ገደቡን ከፍ ቢያደርገውም ገደብነቱ ቀጥሎ ነበር። ባንክ እንደልቡ አበድሮ ወለድ መሰብሰብ ሲከለከል ዓይኑን የሚጥለው የት ላይ ነው? አገልግሎት ክፍያ ላይ ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ ማንም ነጋዴ የሚያደርገው ነው። ግን ወጪው የመጣው በዶላርና በብድር ገደብ ሆኖ ሳለ መሸፈኛው የድንች ሻጯ 5 ብር ሲሆን አንድ ሰው "ቆይ እንጂ" ማለት አለበት።

ደግሞም አክስቴ ለባንኩ በነጻ የተቀመጠች ሸክም አይደለችም። ባንክ የሰበሰበውን ገንዘብ ሣጥን ውስጥ አያኖረውም። ከፊሉን ለመጠባበቂያ አስቀርቶ ቀሪውን ያበድራል። ለእሷ 7 በመቶ ይከፍላል፣ ለተበዳሪው ከ15 በመቶ በላይ ያስከፍላል። ተበዳሪው ደግሞ እሷ አይደለችም፤ ለሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያ ልበደር ብትል በ500 ብር ደብተሯ ማንም አያያትም። ልዩነቱ የባንኩ ነው፤ ይሁን፣ ሥራው ነው። እንግዲህ አክስቴ ለአገልግሎቱ በወለዱ ልዩነት አንድ ጊዜ ከፍላለች። የወር ክፍያው ሁለተኛ ነው።

ስለ ታክሱ አንድ ነገር ላስተካክል፣ ምክንያቱም ገበያው ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው። በ2016 የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341 የፋይናንስ ተቋማት በክፍያ የሚሰጡትን አገልግሎት ታክስ ውስጥ አስገብቷል። 15 በመቶው የሚሰላው አገልግሎት ክፍያው ላይ እንጂ ገንዘባችሁ ላይ አይደለም። 1,000 ብር ልካችሁ የአገልግሎት ክፍያው 50 ሳንቲም ቢሆን ታክሱ ስምንት ሳንቲም ገደማ ነው። ማርቆስ ገበያ ላይ ግን አንድ እህል ነጋዴ ለአክስቴ "ባንክ ያስገባሽ እንደሆነ ከመቶው 15 መንግሥት ይወስደዋል" ብሎ ነግሯታል። አምናለች። ለምን አታምን? 500 ብሯ 376 ሆኖ አግኝታዋለች። ማንም ቀድሞ ያላስረዳው ሰው ወሬውን ከሒሳቡ ጋር ሲያስተያየው ወሬው እውነት ይመስለዋል። ገንዘቧን ልታወጣ የመጣችው ለጠቦቱ ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ይህን ስትነግረኝ ነው።

ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አለው፤ ተቋማት ዋጋቸውንና የአገልግሎታቸውን ሁኔታ ለደንበኛ በግልጽ ያሳውቁ ይላል። በግልጽ ማለት ግን ለማን ግልጽ? የክፍያ ዝርዝሩ በድረ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ቢለጠፍ ለእኔ ግልጽ ነው። ለአክስቴ ግልጽ የሚሆነው ደብተሩን ስትከፍት አንድ ሰው ዓይኗን አይቶ "እናቴ፣ መልዕክት እንዲመጣልሽ ትፈልጊያለሽ? በወር 5 ብር ነው፤ ካልፈለግሽ ይቅር" ቢላት ነበር። ይህን ያላት የለም። ፎርሙ ላይ አውራ ጣቷን አስደግፈው ወደ ሚቀጥለው ሰው አለፉ።

አሁን ወደ ጎጃም ኢኮኖሚክስ ልግባ፤ ይህኛውን ከመምህሮቼ ሳይሆን ከቤተሰቤ ነው የተማርኩት። እዚህ አገር ሰው ባንክ ከመምጣቱ በፊትም ይቆጥብ ነበር። ጎተራ አለ፤ ዋጋ እስኪወደድ እህል ያቆያል። በግ አለ፤ ትወልዳለች። ዕቁብ አለ፤ የተቸገረ ይቅደም ይባልበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባሕር ዛፍ አለ። ከማርቆስ ወጥታችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ በየጓሮውና በየተዳፋቱ የተሰለፈው ባሕር ዛፍ ማገዶ ብቻ አይደለም፤ የቁጠባ ሒሳብ ነው። በጥቂት ዓመት ለአጠና ይደርሳል፣ ልጅ ሲዳር ወይም ሰው ሲታመም ይቆረጣል፣ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። አፈሩን ይጎዳል፣ ውኃ ይጠጣል ሲባል ስንት ዓመት ሆነው፤ ገበሬው ግን መትከሉን አልተወም። ምክንያቱም ባሕር ዛፍ በወር 5 ብር አይቆርጥም። አክስቴም ድንጋዩ ላይ ሆና ያለችው ይህንኑ ነው፦ "ይኸን ጊዜ ችግኝ ገዝቼበት ቢሆን ኖሮ አጠና ሆኖልኝ ነበር።" መልስ አልነበረኝም። ኢኮኖሚስት ነኝ ባይዋ እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተረታሁ።

ታዲያ ባንክ ምን ያደርግላታል፣ ወደ በጓና ወደ ዛፏ ትመለስ እንዳልል ግን ሌላ ነገር ይይዘኛል። ዛፍ በሌሊት አይሸጥም። ልጇ ታሞ ማርቆስ ሆስፒታል ማደር ቢመጣ የሚያስፈልጋት የዚያኑ ዕለት የሚገኝ ጥሬ ገንዘብ ነው። ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ዛሬ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለውን ኑሮ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ውጭ ያላችሁም ከቤተሰብ ሰምታችኋል። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በስልካችን ያለው መተግበሪያ ሁሉ ጌጥ ሆኖ ከርሟል። ቤቱ ገንዘብ አለው የተባለ ሰው በሌሊት በሩ የሚንኳኳበት ጊዜ ነው። ይህች ሴት 376 ብሯን አውጥታ መቀነቷ ውስጥ ስታስገባ እኔ እፎይ አልልም። ድሃ ሰው የባንክ ደኅንነት ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው ከባንክ የምናባርረው።

አገሩ ደግሞ በሌላ በኩል ሰዉን ወደ ባንክ ለማምጣት ስንት ዓመት ደክሟል። የዓለም ባንክ በየጊዜው በሚያወጣው ጥናት መሠረት በ2014 እ.ኤ.አ. ከመቶ አዋቂ ኢትዮጵያውያን ሒሳብ የነበራቸው 22 ብቻ ነበሩ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. 35 ሆኑ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. 46 ደረሱ። ትልቅ ለውጥ ነው። በክልላችን አብቁተ በየቀበሌው እየገባ ገበሬውን ቁጠባ አስለምዶ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ ጀምሮ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አፍርቷል፤ ስማርት ስልክ የሌለው ሰውም በባለ ቁልፍ ስልኩ *127# ብሎ ይገባል። ነገር ግን "ሒሳብ ከፈተ" እና "ሒሳቡን ተጠቀመበት" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አክስቴ በዚያ 46 ውስጥ አለች። ከአንድ ወር በኋላ ገንዘቧ በጓሮዋ ጠቦት ሆኖ ታስሮ ቢገኝም ስሟ መዝገቡ ላይ አይጠፋም።

ክፍያው ላይ ያላየሁት ሌላ ወጪ ደግሞ አለ፤ በስቴትመንቱ ላይ አይወጣም። ከሮብ ገበያ ማርቆስ ደርሶ መልስ የመኪና ትከፍላለች። ሰልፍ ትቆማለች። ወረፋዋ ሲደርስ "ሲስተም የለም" ከተባለ ተመልሳ ትመጣለች፤ ሌላ መኪና፣ ሌላ የሥራ ቀን። ከተማ ያለ ሰው ሲስተም ከሌለ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። እነዚህ ሲደመሩ 5 ብሯ ትንሿ ናት ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን መንገዱን ማሳጠር፣ ሲስተሙን ማስተካከል ዓመታትና ቢሊዮኖች ይፈልጋል። 5 ብሯን ለመተው የሚያስፈልገው አንድ ስብሰባና አንድ ደብዳቤ ነው።

ይህ ደግሞ ሌላ አገር ያልተሞከረ ምኞት አይደለም። ሕንድን እንይ። ትልቁ የመንግሥት ባንካቸው ስቴት ባንክ ኦፍ ኢንዲያ በ2017 እ.ኤ.አ. ከተወሰነ ገንዘብ በታች ያስቀመጡ ደንበኞችን መቅጣት እንደገና ጀመረ። በስምንት ወር ብቻ ከ17 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ከነበረው የአንድ ሩብ ዓመት ትርፉ ይበልጣል ተብሎ በአገሩ ጋዜጦች ተጻፈ። ልብ በሉ፤ ባንኩ ትልልቅ ኩባንያዎችን አበድሮ በሦስት ወር ካተረፈው ይልቅ ሒሳባቸው ከጎደለ ሰዎች የሰበሰበው በለጠ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ባንኩ መጀመሪያ ቅጣቱን ቀነሰ፣ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ከቁጠባ ሒሳብ ላይ ጨርሶ አነሳው። ባንኩ አልከሰረም፤ ዛሬም የአገሩ ትልቁ ነው።

የኔን ልብ የሚወስደው ግን ከዚያ በፊት ማዕከላዊ ባንካቸው ያደረገው ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ማንኛውም ባንክ "መሠረታዊ የቁጠባ ሒሳብ" እንዲያቀርብ አዘዘ። ዝቅተኛ ተቀማጭ የለውም፣ ገንዘብ ማስገባት ነጻ ነው፣ በወር አራት ጊዜ ማውጣትም ነጻ ነው። ከዚያ በላይ አገልግሎት የፈለገ ይከፍላል። ኬንያም ኮሮና በገባበት በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በኤምፔሳ እስከ 1,000 ሽልንግ የሚላክ ገንዘብ ክፍያ እንዳይኖርበት አደረገች። ድንገተኛ ጊዜ ስለነበር ነው፤ ግን ሲፈለግ እንደሚቻል አሳይቷል። ለትንሹ ሰው የድንገተኛ ጊዜው መቼ አልቆ ያውቃል?

ስለዚህ የምጠይቀው ባንክ በነጻ ይሥራ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከተወሰነ ተቀማጭ በታች ላለ የግለሰብ ቁጠባ፣ 2,000 ብር ይሁን 3,000 ብር እነሱ ያስሉት፣ ወርሃዊ ክፍያ የሚባል ነገር እንዳይኖር አንድ መመሪያ ያውጣ። በወር ጥቂት ማውጣት ነጻ ይሁን። የመልዕክት አገልግሎት ደንበኛው ጠይቆ የሚያስከፍተው እንጂ ሳይጠየቅ የሚከፈትበት አይሁን። ቁጥሩ ለወራት ያልሠራ ሲም ላይ መልዕክት እየላኩ ማስከፈል ደግሞ መመሪያም የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ትንሽ ይሉኝታ ይበቃው ነበር። ከዝቅተኛ ወለድ ወሰን እስከ ብድር ጣሪያ ለባንኮች የሚያስቀምጥ ተቋም ይህን አንድ ነገር ማስቀመጥ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። የውጭ ባንኮች ይምጡ የሚለውም አዋጅ ጸድቋል። ሲመጡ በመጀመሪያ የሚፈልጉት ባለ ግማሽ ሚሊዮኑን ደንበኛ ነው፤ የሮብ ገበያዋን ሴት የሚፈልጋት አይመጣም። ባንኮቻችን አሁን ካልያዟት ማንም አይይዛትም።

እናንተ ይህን በስልካችሁ የምታነቡ ደግሞ፣ አንድ ሥራ አለኝ። ለበዓል ቤት ስትገቡ የእናታችሁን፣ የአባታችሁን፣ የአያታችሁን ስልክ ተቀበሉና ከባንክ የገቡ መልዕክቶችን ወደ ላይ እያሳባችሁ አንብቡላቸው። ስልክ ከሌላቸው ደብተራቸውን ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ብር ለምን እንደተቆረጠ በአማርኛ ንገሯቸው፤ የማያስፈልጋቸውን አስዘጉላቸው። እኔ ለዚህች ሥራ አራት ዓመት ዘግይቻለሁ። በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ ሮብ ገበያ ሄጄ የአክስቴን ድንች በሚጥሚጣ በልቼ እንደተመለስኩ ሳስብ ያሳፍረኛል።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። ከድንጋዩ ተነስተን ተመልሰን ገባን። መልዕክቱ ይዘጋልን ስል ፎርም ተሰጠኝ፤ ፎርሙ እንግሊዝኛ ነው። ሞላሁት፣ አክስቴ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። የመጣችበትን ጉዳይ አልተወችም፤ ገንዘቡን በሙሉ አውጭልኝ አለች። ቴለሯ ሒሳቡ ክፍት እንዲሆን 50 ብር መቅረት እንዳለበት፣ ሁሉንም ካወጣች ግን ሒሳቡ እንደሚዘጋ በትህትና አስረዳቻት። አክስቴ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ መስኮቱን አየችና እንዲህ ስትል ጠየቀቻት፦

"ለመዝጋትስ ስንት ትቆርጣላችሁ፣ ልጄ?"